የጋሽ ሙሄ ሞተር ጥርሶች

በአንድ ወቅት፣ ያውም አያቶቻችን ሳይሆኑ እኛው ራሳችን በምናስታውሰው ወቅት፣ ከወሎ ተራሮች ግርጌ ባለው ቆላ ጋሽ ሙሄ ይማም የሚባሉ ሞተረኛ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ቀይ ሞተር ሳይክል መድኃኒት፣ ደብዳቤና ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ዳሌያቸው እምቢ ሲል ቤት ዋሉ።

ሰፈራቸው ጨፌ ዳር ይባላል። ከጨፌ ዳር ተነስቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ መዳፍ የተዘረጋ አስፋልት አለ። ያ አስፋልት ሾላ በር የምትባል ትንሽ ከተማ ሲደርስ ሜዳው አልቆ ተራራው ይጀምራል። ሆስፒታል ያለው ከተራራው አናት፣ ትልቁ ከተማ ውስጥ ነው።

ጋሽ ሙሄ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ እንድሪስ፣ ሰዓዳና ኑሩ። እናታቸው ከሞተች ቆይታለች። ሞተሩ አንድ ነው፣ ፈላጊው ግን ብዙ።

ሞተር የነካካችሁ ይህን ታውቃላችሁ፤ ላልነካካችሁ ልንገራችሁ። ሰንሰለቱ የሚዞረው «ጥርስ» በሚባሉ ሁለት ባለጥርስ ክብ ብረቶች ላይ ነው። አንዱ ትንሽ ነው፣ ከሞተሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሌላው ትልቅ ነው፣ ከኋላ ጎማ ጋር ይታሰራል። የፊቱን አሳንሰህ የኋላውን ካተለቅህ ሞተሩ እንደ በሬ ይጎትታል እንጂ አይሮጥም። የፊቱን አተልቀህ የኋላውን ካሳነስህ እንደ ሰጋር በቅሎ ይሮጣል፤ ዳገት ላይ ግን ይለግማል። ሁለቱንም ባንዴ የሚሰጥ ጥርስ አልተሠራም።

ታላቁ እንድሪስ የተራራ ሰው ነው። ከሾላ በር ተነስቶ በአሮጌው የበቅሎ መንገድ፣ መኪና በማይደርስባቸው መንደሮች መካከል አራስና ሽማግሌ፣ ማዳበሪያና ቆርቆሮ ይጭናል። ለእሱ የሚሆነው ከፊት አሥራ ሦስት ጥርስ፣ ከኋላ አርባ ስምንት ነው።

ሰዓዳ የሜዳ ሰው ነች። ከአርብቶ አደሮቹ የግመል ወተት በጀሪካን ተቀብላ ፀሐይ ሳይከር ሾላ በር ታደርሳለች። ወተት ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ለእሷ የሚሆነው ከፊት አሥራ ስድስት፣ ከኋላ ሠላሳ ስምንት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሴት ልጅ ሞተር ላይ ስትበር አይተው የሳቁባት ሁሉ ኋላ እሷኑ ደጅ ቆመው የሚጠብቁ ሆኑ።

ትንሹ ኑሩ መንዳት አይሆንለትም። ትንሽ ሲሄድ ያዞረዋል። መፍታትና መግጠም ላይ ግን እጁ ዓይን አለው ይባልለታል። ሾላ በር ላይ በቆርቆሮ የተከለለች መጠገኛ ከፍቷል። የእሱ ምኞት ሞተሩ እሱ ዘንድ እንዲቆምና ሁለቱንም ጥርስ ይዞ፣ ሜዳ ለሚሄድ የሜዳውን፣ ተራራ ለሚወጣ የተራራውን እየገጠመ ለቸገረው ሁሉ እንዲሰጥ ነበር።

ጋሽ ሙሄ ቀን ከፋፈሉላቸው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የእንድሪስ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሑድ የሰዓዳ፤ ዓርብ ሞተሩም ሰውም ያርፋል። ግን ጥርሱ በየሳምንቱ ሲፈታና ሲታሰር የብሎኖቹ ክር ማለቅ ጀመረ። አንዱ የሌላውን ጥርስ ሲያወልቅ ያጉረመርማል። ሰዓዳ «ሰንሰለቱን አላልተህ መለስክልኝ» ትላለች። እንድሪስ «ቤንዚኑን ጨርሰሽ አመጣሽው» ይላል። ጋሽ ሙሄ ከመደባቸው ሆነው ይሰማሉ፤ አንድ ቀን ለአንዱ መስጠት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ለማን እንደሆነ ግን አያውቁም። ማታ የወሰኑትን ጠዋት ይተዉታል።

ነሐሴ ላይ የማያባራ ዝናብ ወረደ። በአንድ ቅዳሜ ጎርፍ በጨፌ ዳርና በሾላ በር መካከል ያለውን ድልድይ ወሰደው። በዚያው ቀን ተራራው ላይ ናዳ ወርዶ የመኪናውን መንገድ ዘጋው። ከታችም ከላይም መኪና ቆመ። ወንዙ ላይ ጎረምሶች ሰውን በትከሻ፣ ሞተርን በእንጨት ተሸክመው ማሻገር ጀመሩ። ተራራው ላይ ደግሞ ዳገት የሚችሉ ሞተሮች ሁሉ በአሮጌው መንገድ መንገደኛ ሊያመላልሱ ወደ ላይ ወጡ።

ሰኞ የእንድሪስ ቀን ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥርሱን ለውጦ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብቶ ተኝቷል። ሲነሳ ሞተሩ የለም። የእሱ ጥርሶች ከግድግዳው ሥር ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰዓዳ ማልዳ ፈትታ የራሷን ገጥማ ሄዳለች። በእንድሪስ ቀኖች ወተቱን የሚያነሳው መኪና ስለቀረ የሦስት ቀን ወተት ሊደፋ ነበር፤ የሰባት ቤተሰብ ወተት። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም። ብትጠይቀው እንቢ እንደሚል ስላወቀች አልጠየቀችውም።

እንድሪስ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ተነሳ።

«ቀኑ የማን ነው?» አላት።

«ያንተ ነው። ወተቱ ሊበላሽ ሆኖ ነው እንድሬ። ነገንም ብቻ ተውልኝ።»

«ተራራው ላይ ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔንም ሰው ነው የሚጠብቀኝ።»

እንድሪስ ሁለቱን ጥርሶች አንስቶ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ወንዙ ዳር ሄዶ ጎርፉ ውስጥ ወረወራቸው። ተመልሶ ልብሱን በከረጢት አደረገና አባቱን ተሰናበተ።

«ሞተሩን ስጧት፤ ለእኔ አገር ሰፊ ነው» አላቸው።

ጋሽ ሙሄ «ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉት። አልተቀመጠም። ወንዙን ተሻግሮ ባጃጅ ተሳፍሮ ሾላ በር ገባ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ አውቶቡስ ከናዳው ማዶ እንደሚገኝ ሰምቶ በማግስቱ በእግሩ ሊወጣ አሰበ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰዓዳ ጀሪካኖቹን ሞተሩ ላይ እያሰረች ሳለ አባቷ ከውስጥ ሲያቃስቱ ሰማች። ገብታ ስታያቸው መሬት ላይ ተጠቅልለዋል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ተጠርታ መጥታ ሆዳቸውን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ።

«አንጀታቸው የተጠማዘዘ ይመስለኛል» አለች። «እዚህ ምንም ላደርግላቸው አልችልም። ቶሎ ካልተቀደዱ አንጀቱ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሆስፒታልም አያድናቸውም።»

«ስንት ሰዓት አለኝ?»

«ሦስት ሰዓት ካለሽ ብዙ ነው።»

ሰዓዳ ወደ ግቢው ወጣች። የጀሪካኖቹን ገመድ በቢላዋ በጠሰች። መቶ ሊትር ወተት ግቢው ውስጥ ተደፋ። በዚያው ገመድና በአንድ ጋቢ አባቷን ከጀርባዋ ጋር አሰረች። ከመነሳቷ በፊት ለኑሩ ደወለች።

«አባባን ይዤ እየመጣሁ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው የኔ ጥርስ ነው። ዳገቱን አይወጣም። የእንድሬን ጥርስ ጎርፍ ወስዶታል። ስደርስ የተራራ ጥርስ ይዘህ ጠብቀኝ።»

«የለኝም» አለ ኑሩ።

«ስደርስ ይኑርህ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ወንዙ ጋ ጎረምሶቹ አባቷን በትከሻቸው፣ ሞተሩን በአጣና አሻገሩላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አርባ ኪሎ ሜትር እንዴት እንደሄደች የሚናገር የለም፤ ያዩዋትም «አለፈች» ከማለት ሌላ የሚሉት አጥተዋል። የቆመ ውኃ ላይ ሁለት ጊዜ ጎማው ተንሸራቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ይዛዋለች። አባቷ ጀርባዋ ላይ ሆነው «ቀስ በይ ልጄ» ሲሏት ነበር፤ ኋላ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ይበልጥ አስፈራትና ይበልጥ ነዳች። በእንድሪስ ጥርስ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ያ መንገድ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው ነበር። ሾላ በር ስትደርስ ጣቶቿ መሪውን ጨብጠው ቀርተዋል፤ ሰዎች ናቸው አንድ በአንድ ያላቀቋቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ኑሩ ልመልሳችሁ።

ኑሩ ስልኩ ሲዘጋበት መጠገኛው መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጥርሶች ሁሉ ለሜዳ የሚሆኑ ናቸው። ሁለት ጎረቤት መጠገኛዎች ሮጦ ጠየቀ፤ የላቸውም። የተራራ ጥርስ በከተማው ውስጥ አንድ ሞተር ላይ ብቻ ቀርቷል፤ ያም ሞተር እሱ እጅ ላይ ነበር።

ሞተሩ የመምህር ወንድይፍራው ነው። መምህሩ ትናንት ነው ያመጣው። የሞተሩ ሆድ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተበትኗል፤ ተገጥሞ ለመነሳት ግማሽ ቀን ይፈልጋል። መምህሩ ሲሰጠው እንዲህ ብሎት ነበር፦

«እናቴ ጠንቶባታል። አገሯ ከተራራው ወገብ ላይ ነው። ከነገ ወዲያ ማለዳ መነሳት አለብኝ። አደራህን ኑሩ።»

«አደራ» ብሎ ነበር ኑሩም።

ኑሩ ለመምህሩ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ቤቱ ሰው ላከ፤ የለም። ሰዓቱን አየ። ከዚያ መፍቻውን አነሳና የመምህሩን ጥርሶች አወለቀ።

እንድሪስ ከመናኸሪያው ዳር ከረጢቱን ተሸክሞ በእግር ሊነሳ ከመንገደኞች ጋር ቆሟል። ኑሩ ሰው ሰድዶ አስጠራው። ሲመጣ ነገሩን በሁለት ቃል ነገረው።

«ጥርሴን ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት» አለ እንድሪስ።

«አውቃለሁ። ሰዓዳ ስትደርስ ጎማውን ትይዝልኛለህ» አለው ኑሩ።

ሰዓዳ ደረሰች። ኑሩ የኋላ ጎማውን አውልቆ፣ ጥርሱን ለውጦ፣ የፊቱን ለውጦ፣ ሰንሰለቱን አጥልቆና ወጥሮ እስኪጨርስ አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ጋሽ ሙሄ በዚያን ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው እንድሪስን አዩት። ሰዓዳ እንዳሰረቻቸው አድርገው ከእሱ ጀርባ ጋር አሰሯቸው።

«ሁለተኛ ማርሽ ላይ አትውጣ» አለው ኑሩ።

«መንገዱን ያሳየኸኝ አንተ ነህ እንዴ?» አለ እንድሪስና ተነሳ።

አሮጌው መንገድ በቅሎም የምትፈራው ነው። ድንጋዩ ከዝናቡ በኋላ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። አንዱ ወገን ግድግዳ፣ ሌላው ወገን ገደል ነው። እንድሪስ ግን እያንዳንዷን እጥፋት ያውቃታል፤ የትኛው ድንጋይ ይዞ እንደሚለቅ፣ ውኃውን ከየት በኩል እንደሚሻገሩት ያውቃል። ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመ ወጣ። እንዲህ ካለው ዳገት በሰዓዳ ጥርስ አንዱም አይወጣም ነበር።

ከላይኛው እጥፋት አጠገብ የኋላ ጎማው ለቀቀው። ሞተሩ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረ። ዘልሎ ራሱን ማዳን ይችል ነበር እንዳይባል አባቱ ከጀርባው ታስረዋል። እግሩን ከሞተሩ ሥር ሰደደና በእግሩ አስቆመው። የጋለው የጭስ ማውጫ ከባቱ ላይ ተለጠፈ። ከሞተሩ ሥር እግሩን እስኪያወጣ ስጋው ተቃጥሏል። ተነስቶ፣ ሞተሩን አቁሞ፣ ቀሪውን መንገድ በዚያ እግር ፍሬን እየረገጠ ወጣ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ የሞተሩ ፍሪሲዮን ተቃጥሎ ነበር፤ አባቱን ፈትቶ ተሸክሞ ገባ።

ሐኪሙ ወዲያው ቀደዳቸው። ሲወጣ ለእንድሪስ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ ኖሮ የምቀጥለው አንጀት አላገኝም ነበር» አለው። ከዚያ የእንድሪስን እግር አይቶ እሱንም አስተኛው።

በሾላ በር በዚያው ቀን ኑሩ የመምህሩን ሞተር ገጠመ። የተራራ ጥርስ ስለሌለው የሰዓዳን የሜዳ ጥርስ አሰረለት፤ ከባዶ ይሻላል ብሎ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ መምህሩ ሲመጣ ኑሩ ሁሉንም ነገረው፤ አልደበቀም። መምህሩ አዳመጠውና ቁልፉን ተቀበለ። በማግስቱ ማለዳ ተነሳ። ሞተሩ ሁለተኛው እጥፋት ላይ ለገመ። ከዚያ ጥሎት በእግሩ ወጣ። ሲደርስ እናቱ በዚያው ቀን ረፋድ ላይ አርፋ፣ ተቀብራ፣ ለቀስተኛው ከመቃብሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘው።

ከወር በላይ አለፈ። ጋሽ ሙሄ ድነው ጨፌ ዳር ገቡ። ሞተሩም ፍሪሲዮኑ ተለውጦለት ከግቢያቸው ቆሟል፤ ጥርሱ አሁንም የመምህሩ ነው፤ ለመምህሩ ኑሩ አዲስ አስመጥቶ ገጥሞለታል። ሞተሩን ግን የሚነዳው የለም። ጋሽ ሙሄ ቁልፉን ከትራሳቸው ሥር አድርገዋል፤ ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ግቢውን በከዘራቸው ይዞራሉ። ወተቱ እየተደፋ ነው። ተራራው ላይ ሁለት አራስ በቃሬዛ ወርደዋል። መወሰን ነበረባቸው። ለአንዱ ሲሰጡ ጥርሱም የዚያው ሰው ይሆናል፤ ለሌላው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በእግር መሄድ ነው።

አንድ እሑድ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። መምህር ወንድይፍራውንም በእንግድነት ጠሩት፤ መጣ።

«ሦስታችሁም ተናገሩ» አሉ።

ሰዓዳ፦ «አባባ፣ ያን ቀን የኔ ጥርስ ባይሆን ኖሮ ሾላ በር የሚደርሰው ሬሳዎ ነበር። የእንድሬን ቀን ወስጃለሁ፤ አልክድም። ባልወስድ ግን ዛሬ አንነጋገርም ነበር።»

ኑሩ፦ «እነሱ ነዱ፤ የሚነዱትን ነገር የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሁለቱም ባጎደሉ እኔ ሞላሁ። ስሞላም የሰው አደራ በላሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጄ ላይ ሞተር ጥሎ የሚሄድ ሰው ቀንሷል። እኔም ብሆን አልጥልም ነበር።»

እንድሪስ ሱሪውን ከፍ አድርጎ እግሩን ማሳየት ይችል ነበር፤ አላሳየም። «ጥርሱን ወንዝ ውስጥ የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ባልጥለው ኑሩ የሰው ንብረት አይነካም ነበር። ግን ያን ዳገት ከእኔ ሌላ የሚወጣው አልነበረም። ለመሄድ ተነስቼ ነበር፤ አልሄድኩም። ሌላ የምለው የለኝም።»

ጋሽ ሙሄ ወደ መምህሩ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎስ?»

«ጋሽ ሙሄ፣ ጥርሴን ልወስድ አልመጣሁም» አለ። «ኑሩ ቢጠይቀኝ ኖሮ እሺ እለው ነበር ወይ እያልኩ ስንት ቀን ራሴን ጠየቅሁ። አንድ ቀን እሺ እላለሁ፤ በማግስቱ እንቢ። እናቴ ስሜን ስትጠራ ነበር አሉኝ። እርስዎን በሕይወት ሳይዎት ደግሞ ደስ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው። የሚሰጡትን ፍርድ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ሙሄ ቁልፉን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ሰዓዳን አዩ፤ ጣቶቿ እስካሁን ማለዳ ማለዳ አልታዘዝ ይሏታል። ኑሩን አዩ፤ አንገቱን ደፍቷል። እንድሪስን አዩ፤ አንድ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፣ ማጠፍ አይችልምና። እጃቸውን ወደ አንዱ ሊዘረጉ ጀመሩ፤ መለሱት። ወደ ሌላው ጀመሩ፤ መለሱት። ከዚያም ወደ ጎረቤቶቹ፣ በአጥሩ ላይ ወደሚያዩት ሁሉ ቀና ብለው «ለማን ልስጠው?» ሲሉ ጠየቁ። እነዚያ ጎረቤቶች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናንተ ዞሯል።

እኔ የሰማሁትን አወረድኩ፤ ማንሳቱ የእናንተ ነው። የወንድሟን ቀን ወስዳ አባቷን ከሞት ቀድማ ላደረሰችው? የሰው አደራ በልቶ የጎደለውን ለሞላው? በቁጣው ያጠፋውን በገዛ እግሩ ለከፈለው? ወይስ ሳይጠየቅ በተወሰደ ጥርሱ የሰው አባት ድኖ፣ የራሱን እናት ሳያይ ለቀረው? ቁልፉ በእናንተ እጅ ቢሆን ለማን ትሰጡት ነበር?